በዲማ መንገድ ላይ አንድ ሎሚ

የወንድሜ ልጅ አራት ዓመቱ በነበረበት ነሐሴ፣ እናቴ የልጁን ሆድ ለእኔ አደራ ሰጠችኝ። ቃሉ የእሷ ነው። ከደብረ ማርቆስ ልንነሣ መኪናው አጠገብ ቆመን ሳለ ክንዴን ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችኝና፣ «ከኋላ አጠገቡ ተቀመጪ። እስኪቆርብ ድረስ በአፉ ምንም እንዳይገባ። ሆዱን ላንቺ አደራ ሰጥቻለሁ» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺን ነው የማምነው» ብላ ጨመረች። የማታምነው ማንን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም። የወንድሜ ሚስት ከእኛ አሥር እርምጃ ርቃ የልጁን ጃኬት እየቆለፈችለት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ወንድሜ ቤተሰቡን ይዞ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ልጁን የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ገባና ሦስት ቀን ዓይኑን ሳይገልጥ ተኛ። እናቴ ማርቆስ ቤታችን በረንዳ ላይ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ፣ «ይህን ልጅ ካተረፍክልኝ ዲማ ወስጄ አቆርበዋለሁ» ብላ ተሳለች። ዲማ አባቷ ቅኔ የተማሩበት፣ እሷም ክርስትና የተነሣችበት ገዳም ነው፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ አልመጣላትም። ልጁ ተረፈ። ስለቱ ግን ሳይደርስ ዓመት አለፈው። አንዴ የወንድሜ ሥራ፣ አንዴ የትልቋ ልጁ ፈተና፣ አንዴ ደግሞ የመኪናው ብልሽት ምክንያት ሆነ። እናቴ ከእነሱ ጋር ስታወራ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ «ስለቱስ?» ትላለች። ሐምሌ ላይ ልጁ እንደገና ሲያስል በስልክ ሰማችው። የማንኛውም ልጅ የክረምት ሳል ነበር። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ እንደ አምና ሊወድቅ ነው፣ ጥፋቱም ስለቱን ያላደረስኩት የእኔ ነው ብላ አመነች። እህል መብላት እስክታቆም ድረስ አመነች።

ወንድሜ በመጨረሻ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስዶ መጣ። የእሱ ሐሳብ ግን ሰፋ ያለ ነበር። መጀመሪያ ዲማ፣ በማግስቱ ደብረ ወርቅ፣ ከዚያ መርጡለ ማርያም። «ልጆቼ የሰውን አገር ቤተ መንግሥት በቴሌቪዥን እያዩ የአያታቸውን አገር ሳያውቁ ሊያድጉ ነው» ይላል። ለትልቋ ልጁ፣ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ የሚጎበኙትን ቦታዎች የምትጽፍበት ደብተር ገዝቶላት ነበር። ስለዚህ በአንድ መኪና ሁለት ጉዞ ልንሄድ ነበር፤ የእናቴ ስለትና የወንድሜ ጉብኝት።

ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነው። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ነው፤ ቆራቢ የሚቆርበው ስምንት ሰዓት አልፎ ነው። የንስሐ አባታችን ለእናቴ የነገሯት አጭር ነበር፤ ሕፃን ስለሆነ የማታ ራቱን ይብላ፣ ከዚያ ወዲያ ግን እስኪቆርብ ውሃም አይቅመስ፣ ቅዳሴው ሲጀመርም ቦታው ላይ ይገኝ። ጧት የወንድሜ ሚስት ይህን ስትሰማ የልጁን ካልሲ እንደያዘች ቀረች።

«እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል? እማዬ፣ እሱ እኮ አራት ዓመቱ ነው።»

«የእኔ ልጆች ሁሉ በፍልሰታ ቆርበዋል። አንዱም በረሃብ አልሞተብኝም።»

«አምና ሆስፒታል የተኛው ግን እሱ ነው።»

«እኮ! ማን አስነሣውና?»

ወንድሜ የመኪናውን ቁልፍ እያንኳኳ፣ «በእናታችሁ፣ ገና ከቤት ሳንወጣ!» አለ። ሚስቱ ከቦርሳዋ የብስኩት ጥቅል አውጥታ ለእናቴ በሁለት እጇ አቀበለቻት። እናቴ ጥቅሉን ወስዳ ከመኪናው ኋላ፣ ከትርፍ ጎማው ሥር ሸጎጠችው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ወንድሜ ይነዳል፣ እናቴ ከፊት። ከኋላ የወንድሜ ሚስት በአንዱ መስኮት፣ እኔ በሌላው፣ ሁለቱ ልጆች መካከላችን። ልጅቷም ልትቆርብ ስለነበር በጾሟ ኮርታ ወንድሟን የመጠበቁን ሥራ ከእኔ ነጠቀችኝ።

«አባ! ምራቁን ዋጠ!» አለች አምበር ሳንደርስ።

«ምራቅ አይገድፍም» አለ ወንድሜ።

«ዝንብስ?»

«የምን ዝንብ?»

«አፉን ከፍቶ ተኝቷል እኮ። ዝንብ ከገባችበት ገደፈ ማለት ነው።»

እናቴ ዞር ሳትል፣ «ዝጊለት አፉን» አለችኝ። እኔም የተኛውን ልጅ አገጭ በጣቴ ወደ ላይ ደግፌ እስከ ሉማሜ ድረስ ሄድኩ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን አልሳቅሁም። አደራ ሲሰጠኝ እንዲያ ነኝ፤ ጣቴ እስኪደነዝዝ እይዛለሁ።

ወንድሜ በግራ በኩል ጮቄን ሊያሳየን ሁለት ጊዜ መኪናውን አቁሞ ሁለቴም ደመና ብቻ አየን። ደጀን ላይ አስፋልቱን ለቀን ወደ ቢቸና የሚወስደውን የጠጠር መንገድ ያዝን። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ መንገድ ነው፤ መኪናው ከጉድጓድ ጉድጓድ እየወደቀ ሲሄድ ልጁ ነቃ። ወዲያው ዳቦ ጠየቀ። የጠየቀው እናቱን ነው። እናቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ትንሽ ቆይ የኔ ጌታ» አለች እናቴ ከፊት፤ «ቆርበህ ስትወጣ የፈለግኸውን።»

«አሁን ነው የፈለግሁት።»

«ጀግና አይደለህ?»

«አይደለሁም።»

ወንድሜ ሳቀ፤ ብቻውን ነበር የሳቀው። ልጁ ማልቀስ ጀመረ፤ የጉልበት ልቅሶ አልነበረም፣ እየተቋረጠ የሚለቀስ፣ ሰው የሚያሳቅቅ ልቅሶ ነው። እናቴ በየመንደሩ ሰዓት ትጠይቃለች። የትመን ላይ፣ «ስንት ሆነ?» ቢቸና ላይ፣ «ስንት ሆነ?» ቅዳሴው ከገባ በኋላ ብንደርስ ልጁ ያን ቀን አይቆርብም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ከቢቸና ወጥተን የዲማን መንገድ ስንይዝ አራት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነበር። ከዚያ ብዙም ሳንርቅ አንድ ቁልቁለት ላይ መኪናው ወደ ጎን ተንሸራተተና የኋላ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ።

ወንድሜ ሞተሩን ሲያስጮኸው ጎማው ባለበት እየዞረ ይበልጥ ቀበረው። ሁሉም ወረደ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጫማዋን መኪናው ውስጥ ትታ፣ እስከ ባቷ ጭቃ ገብታ መግፋት ጀመረች። ስልሳ ዓመት አልፏታል። ከማሳው ሁለት ገበሬዎች መጥተው ከጎማው ሥር ድንጋይና ቅጠል ሲያስገቡ፣ «እመት፣ እርስዎስ ይውጡ፤ እኛ አለን» ይሏታል፤ አትሰማም። የወንድሜ ሚስት ልጅቷን ልታሸናት ከመንገዱ ማዶ ወሰደቻት። መኪናው ውስጥ እኔና ልጁ ቀረን።

ልቅሶውን አቁሞ ነበር። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ከንፈሩ ነጥቶ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«አክስቴ፣ ሊያስመልሰኝ ነው» አለኝ።

እኔን ራሴን መኪና ያጥወለውለኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ባሕር ዳር በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር በአውቶቡስ ውስጥ ሎሚ ከእጄ አይለይም ነበር፤ ያን ቀንም አንድ ይዤ ነበር። አውጥቼ አፍንጫው ላይ ያዝኩለት። ሁለት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ የዋለ ስለሆነ ልጣጩ ደርቋል፤ ሽታ የለውም። በጥፍሬ ቧጠጥኩት፤ አሁንም አልሸተተም። ከዚያ በሁለት አውራ ጣቶቼ ሰነጠቅኩት። ውሃው እጁ ላይ ፈሰሰ። አሸተተው፤ ትንፋሹ ትንሽ መለስ አለ። ሎሚውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

«አክስቴ፣ ልምጠጠው?»

አዎ አላልኩትም። አይሆንም ለማለትም አፌን አልከፈትኩም። ዓይኔን ከእሱ አንሥቼ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። እናቴ ትከሻዋን መኪናው ላይ አሳርፋ ትገፋለች፤ መኪናው ከእነ እኛ ይወዛወዛል። ከጎኔ የሚመጠጥ ድምፅ ሰማሁ። መቆጣት የምችልበት ጊዜ ነበረኝ። ረጅም ጊዜ ነበር፤ አንዱን ግማሽ ጨርሶ ሁለተኛውን እስኪይዝ ድረስ። ዞር ስል ልጣጩ ብቻ እጁ ላይ ቀርቷል። ፊቱ የሰው ፊት ሆኗል።

«ሌላ አለ?»

«የለም።»

ትንሽ አሰበና፣ «ለእምዬ አልነግርም» አለኝ። እምዬ የሚሏት እናቴን ነው። እኔ እንዲያ በል አላልኩትም። ግን እንዲያ አትበል ብዬም አልገሠጽኩትም፤ ልጣጩን ከእጁ ወስጄ በመስኮቱ ወረወርኩት።

መኪናው ሲወጣ ገበሬዎቹ እያጨበጨቡ ሳቁ። የወንድሜ ሚስት ተመልሳ ገባች፤ ልጇን አቅፋ ከንፈሩን ሳመችው። ጥቂት ጊዜ ፊቷን ከፊቱ ሳታርቅ ቆየች። ከዚያ መስኮቷን ዘጋች።

የቀረው መንገድ ሩቅ አልነበረም። ለእኔ ግን ከዚያ በፊት ከመጣነው ሁሉ በለጠ። ሎሚ ምግብ አይደለም አልኩ። ወዲያው ውሃም አይቅመስ የተባለው ትዝ አለኝ። ልጅ ነው፣ አይያዝበትም አልኩ። ከዚያ ደግሞ የእናቴን ስለት በእኔ ፍርድ የምሽር ማን ነኝ አልኩ። በልቶ መቁረብ ምን እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ተነግሮኛል። እሷ ይህን ልጅ ከሞት ያተረፈላትን አምላክ አታልላ እንድትቀርብ ላደርጋት ነው፤ ሳታውቀው። ልጁ ነገ ቢታመም፣ እሷ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ትኖራለች፣ እኔ እያወቅሁ እኖራለሁ። ስንደርስ እነግራታለሁ አልኩ። ከመኪናው ስንወርድ፣ ሰው ሳይበዛ፣ በጆሮዋ።

ስንደርስ አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። እናቴ ገና መኪናው በደንብ ሳይቆም ወርዳ በር ላይ የተቀመጡ አንድ አባትን፣ «አባቴ፣ ቅዳሴ ገብቷል?» ብላ ጠየቀች። «ኧረ ገና ነው፣ ይረጋጉ» አሏት። ወደ እኛ ስትመለስ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ ፊቷ ግን በዓመት ውስጥ አይቼው የማላውቀው ፊት ነበር። ልጁን ከእቅፌ ወሰደችና እኔን ጉንጬን ሳመችኝ።

«ጎሽ የኔ ልጅ! አደራዬን ጠብቀሽ አደረስሽልኝ።»

«እማዬ…» አልኩ።

«ነጠላሽን አስተካክይ፣ እንግባ» አለችኝና ቀድማኝ ሄደች።

በተማሪዎቹ ጎጆዎች መካከል አለፍን። ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ለልጅቷ፣ «እዚህ ነው የእምዬ አባት የተማሩት» ይላል፤ ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ ትጽፋለች። ጫማችንን አውልቀን በእርጥቡ ሣር ላይ ቆመን እግራችንን ጠረግን። ወንድሜ በወንዶች በር ሲገባ፣ እኛ ሴቶቹ ልጆቹን ይዘን በሴቶች በር ገባን።

ቅዳሴው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። እናቴ ከፊቴ ቆማ ልጁ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል። ጣቴን ብዘረጋ ነጠላዋን እነካለሁ። ለመናገር ቦታ መረጥኩ፤ ወንጌል ከተነበበ በኋላ። ወንጌል ተነበበ፤ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበርና ፈራሁ። ስንሰግድ፣ ጎንበስ ባልንበት፤ ስንሰግድ እሷ እያለቀሰች ነበር። ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ ከኋላ የተቀመጡት መምህር ሦስት ጊዜ «አልተሰማም» ብለውኛል። ከዚያ በላይ የሚያስፈራ ነገር የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር።

ቆራቢዎች ተጠሩ። ሕፃናት ቀደሙ። ልጅቷ ነጠላዋን እንደ ትልቅ ሴት ተከናንባ ተሰለፈች፤ እናቴ የነቃውን ልጅ አቅፋ ከኋላዋ፤ እኔ ከእናቴ ኋላ፤ የወንድሜ ሚስት ከእኔ ጎን። ሰልፉን የሚያስተካክሉ አንድ ቄስ እያንዳንዱን ሕፃን እያዩ የቀመሰው ነገር እንዳለ በዝግታ ይጠይቃሉ። እናቴ ጋ ደረሱ።

«ይህስ?»

«ምንም አባቴ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፉ አልዞረም።»

ከፊታችን ሦስት ልጆች ነበሩ። ነጠላዋን ጎተት አደረግሁ። «እማዬ፣ ቀምሷል» አልኩ። ዝማሬው ዋጠው። ሁለት ልጆች ቀሩ። እንደገና ጎተትኳት፤ ዝም እንድል በእጇ ወደ ኋላ ምልክት ሰጠችኝ። ከፊቷ ልጅቷ ብቻ ስትቀር ሌላ መላ አጣሁ።

«እማዬ፣ ልጁ ቀምሷል!»

ድምፄ ከእኔ የወጣ አልመሰለኝም። ዝማሬው የዚያን ጊዜ አርፎ ነበርና በሴቶች በኩል ያለ ሰው ሁሉ ሰማ፤ ነጠላዎች ወደ እኛ ዞሩ። ቄሱ ተመለሱ። አልተቆጡም።

«ምን ቀመሰ?»

«ሎሚ። ሎሚ መጥጧል።»

«መቼ?»

«መንገድ ላይ። አራት ሰዓት ተኩል ገደማ።»

ቄሱ እናቴን፣ «ልጁን ወደ ጎን ያድርጉልኝ፣ እናቴ» አሏት። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። «ነገም ቅዳሴ አለ» አሏት፣ ክንዷን በቀስታ ይዘው። «ፍልሰታ ነው፤ በየቀኑ ይቀደሳል። አይዞዎት።» ያን ጊዜ ከሰልፉ ወጣች። ልጅቷ ብቻዋን ወደ ፊት ሄደች፤ ቆርባ ስትመለስ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ዓይኗ ብቻ ይታይ ነበር።

ሕዝቡ ሲሰናበት ግቢው ውስጥ አንድ ጽድ ሥር ተሰበሰብን። ወንድሜ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ «ቆረበ?» እያለ መጣ። እናቴ ቀጥ ብላ ሚስቱ ፊት ቆመች። እናቴ ስትቆጣ አትጮህም፤ ድምጿ ይቀንሳል።

«አንድ ቀን። አንድ ቀን ብቻ ነበር የለመንኩሽ።»

የወንድሜ ሚስት መሬቱን አየች።

«ብስኩቱን ስትሰጭኝ ሌላ መደበቅሽን ማወቅ ነበረብኝ። እሺ፣ ለእኔ አትዘኚ። ለገዛ ልጅሽ አታዝኚለትም?»

«እማዬ፣ ተይ እንጂ!» አለ ወንድሜ።

«አንተ ዝም በል! አንተ ጎብኚ ነህ።»

የወንድሜ ሚስት አሁንም አልተናገረችም። አንድ ቃል ብትናገር፣ «እኔ አይደለሁም» ብትል ይቀለኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቅመሱን ተናገርኩ እንጂ ማን እንደሰጠው አልተናገርኩም፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያ ብቻ ነበር የወጣልኝ። የተረፈውን ሌላ ሰው እየተቀበለልኝ ነበር።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አልኩ።

እናቴ ዞር ብላ አላየችኝም። «አንቺ አትግቢበት። ለእሷ ብለሽ ነው። የማላውቅሽ መሰለሽ?»

«እውነቴን ነው።»

«አንቺ አይደለሽም። አንቺ እንዲህ አታደርጊም።»

ይህን የተናገረችው እንደ ምስጋና ነው። ከዚያ በላይ ያመመኝ ነገር የለም። ሳጠፋ አይታኝ ስለማታውቅ አታምነኝም፤ ስለማታምነኝ ደግሞ ያላጠፋችው ሴት ስድቡን ትቀበላለች። እንድታምነኝ ሁሉንም መናገር ነበረብኝ፤ ሎሚው የእኔ እንደነበር፣ በጣቴ እንደሰነጠቅሁት፣ ልጁ እንደጠየቀኝና እሷ ጭቃ ውስጥ ስትገፋ እያየሁ ዝም እንዳልኩ። እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ወንድሜ ጣልቃ ሊገባ ሲል ሚስቱ እጁን ያዘችው።

እናቴ ልጁን አየችው። «አንተ፣ ሎሚ ማን ሰጠህ?»

ልጁ መጀመሪያ እኔን አየ። «አልነግርም ብያታለሁ» አለ።

«ለማን?»

«ለአክስቴ።»

እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የእግሯ ጭቃ ደርቆ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ስለቆረበች አንዲት ቃል እንኳ እንዳትተነፍስ የታዘዘችው ልጅቷ፣ ከነጠላዋ በላይ ዓይኖቿን ከአንዳችን ወደ አንዳችን ታንከራትታለች። ከዚያ እናቴ ተነሥታ ወደ ምራቷ ሄደችና ጉልበቷን ልትነካ ጎንበስ አለች።

«ልጄ፣ አፌ ቀድሞኝ ነው። ይቅር በይኝ።»

«ኧረ እማዬ! ኧረ ይተዉ፣ ምን ሆነዋል!» ብላ አነሣቻት። ተቃቀፉ። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። እናቴ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች፤ የምትገሥጸኝ መስሎኝ ራሴን አዘጋጀሁ።

«ነገ ልጁን እናቱ ትይዘዋለች» አለችኝ።

ቢቸና ተመልሰን አደርን። ወንድሜ፣ «እንግዲህ ደብረ ወርቅ ቀረ። መርጡለ ማርያምም ቀረ» አለ፤ ከነገ ወዲያ ሥራ ይገባል። ልጅቷ ደብተሯን ከፍታ ሁለቱን ስሞች በአንድ አንድ መስመር ሰረዘቻቸው። ማንም እኔን አልወቀሰኝም፤ ሁሉም ግን ሲያናግሩኝ እንደ ታማሚ ያናግሩኝ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ዝናብ አልነበረም፤ መኪናውም አልቆመም። ሦስት ሰዓት ላይ ዲማ ደረስን። ወንድሜ ልጆቹን ዕቃ ቤቱን አስጎበኛቸው፤ ብራናዎቹን አዩ፤ ልጁ ሥዕል ያለበትን ገጽ ሲያይ ረሃቡን ረስቶ ሣቀ አሉ። እኔ አልገባሁም። ቅዳሴውንም ከውጭ፣ ከግድግዳው ሥር ሆኜ አስቀደስኩ። ገብተሽ ቁሚ ያለኝ ሰው ቢኖር እገባ ነበር። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከውስጥ የእናቴን እልልታ ለየሁት። ቀጭን ነው፣ መጨረሻው ላይ ይሰበራል። ስለቷ ደረሰ። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝም፣ ሳልኖርበት በመድረሱም።

ደጀን ላይ ተለያየን። እነሱ ወደ አዲስ አበባ፣ እኔና እናቴ በአውቶቡስ ወደ ማርቆስ። ወንድሜ ነዳጅ ሲቀዳና እናቴ ልጆቹን እያገላበጠች ስትስም፣ የወንድሜ ሚስት ውሃ እንግዛ ብላ ወደ ሱቅ ወሰደችኝ። ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«ትናንት ስስመው ሸትቶኛል» አለችኝ።

አልገባኝም።

«መኪናው እንደወጣ ስስመው። ሎሚ ሸተተኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ርቦት ነበራ።» ዓይኗን ከመኪናው አላነሣችም። «ደግሞ ከቆረበ እማዬ ያርፋሉ ብዬ አሰብኩ። አንቺ ባትናገሪ እኔ አልናገርም ነበር።»

«ስትሰድብሽስ?»

«የሰጠሁት እኔ ባልሆንም፣ የተሰደብኩበት ነገር በልቤ ነበር» አለችኝ። ሁለት ጠርሙስ ውሃ ገዛች፤ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። «አትንገሪያቸው፣ እሺ?»

አልነገርኳትም። ዓመታት አለፉ። እናቴ ምራቷን ከዚያ ወዲህ እንደ ታቦት ታያታለች። ማርቆስ ሲመጡ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሷ ታጎርሳለች፤ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «ያለ ጥፋቷ ስሰድባት ቃል ያልመለሰች ልጅ ናት» ብላ ታወራላታለች። የወንድሜ ሚስት፣ «ኧረ እማዬ፣ እሱን ነገር ይተዉት» ትላለች። በዚያ መካከል አንድ ጊዜ፣ ለአፍታ፣ ወደ እኔ ታያለች። እናቴ ጨዋነት የምትለው ያ ዝምታ ምን እንደሆነ ከሁለታችን በስተቀር የሚያውቅ የለም። ብናገር እናቴ ልጇን የምታህል ምራት ታጣለች፤ ባልናገር ደግሞ እኔ በዲማ ሰው ሁሉ ፊት ያወጣሁት ድምፅ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ጎረቤቶቹ ወደ እኔ ዞረው፣ «እውነት ነው? ምንም አልተናገረችም?» ይሉኛል። እኔም ምንም አልተናገረችም እላቸዋለሁ።